የመልክዓ ምድር ሥዕልና ሠርቶ አደሩ ሕዝብ

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰብ ኑሮ ተነጥላ በአየር ላይ የምትንሳፈፍ ረቂቅ ነገር አይደለችም። የምትበቅለው ሰው ከሚያርሰው መሬት፣ ከሚውልበት የሥራ ቦታ፣ ከሚከፍለው ኪራይና ከተሸከመው ቀንበር ነው። ይህንን እውነት በቃል የማይቀበል ሰው በመካከላችን እምብዛም የለም። ይሁን እንጂ ነገሩ ወደ ተግባር ሲመጣና በነዋሪዎች ማኅበር አዳራሽ ወይም በሠራተኞች ክበብ ግድግዳ ላይ ምን ዓይነት ሥዕል ይሰቀል የሚል ጥያቄ ሲነሣ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ ብቅ ይላል። መዶሻ የጨበጠ ክንድ ወይም ሰልፍ የወጣ ሕዝብ የሚታይበት ሥዕል «ለሕዝብ የቆመ» ይባላል፤ ዛፍ፣ ወንዝ፣ ደመናና መንገድ ብቻ ያለበት ግን የሥራ ፈቶች መደሰቻና የባለ ጸጋ ሳሎን ማድመቂያ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ አስተሳሰብ ለሠርቶ አደሩ የተቆረቆረ ይመስላል። ውጤቱ ግን ሠርቶ አደሩን በላቡ ካቀናው መሬት መልክ ማራቅና መልክዓ ምድርን ያለ ክርክር ለሳሎኑ ባለቤት ማስረከብ ነው።

ለአባባላችን ማስረጃ የሩቅ አገር ሰው እንጠቅሳለን። ይስሐቅ ሌቪታን የተባለው የሩሲያ ሠዓሊ ከ1860 እስከ 1900 በኖራት አጭር ዕድሜ የሣለው በአብዛኛው መሬትን፣ ውሃንና ሰማይን ነው (ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስመ ጥር ከሆኑት ሥራዎቹ ውስጥ ፋብሪካም ሆነ ሰልፍ አይገኝም። የሰው ምስል እንኳ ብርቅ ነው። ታዲያ ከዚህ ሰው ሥራ ሠርቶ አደሩ ምን ያተርፋል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከሰውየው ኑሮ ይጀምራል።

ሌቪታን የተወለደው በጊዜው በዛሩ ግዛት ሥር በነበረችውና ዛሬ በሊቱዌንያ በምትገኘው የኪባርታይ ከተማ ከአንድ ድኻ አይሁዳዊ ቤተሰብ ነው። አባቱ የውጭ ቋንቋ በማስተማርና በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ በአስተርጓሚነት በማገልገል ልጆቹን ያሳድግ ነበር። የተሻለ እንጀራ አገኛለሁ ብሎም በ1870ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሞስኮ ፈለሰ። እንጀራው አልተገኘም። ልጁ በ1873፣ በ13 ዓመቱ፣ በሞስኮው የሥዕል፣ የቅርጻ ቅርጽና የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1875 እናቱ፣ በ1877 አባቱ ሞቱበት። ማታ ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን እርሱ የሚሄድበት ቤት ስላልነበረው ከዘበኛው ዓይን ተሰውሮ እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ያድር እንደ ነበር አብረውት የኖሩ ሰዎች ጽፈዋል። ክፍያውን መክፈል ስላልቻለም ትምህርት ቤቱ ድህነቱንና ችሎታውን አይቶ ነጻ አደረገው። ይህንን የምንተርከው ለእንባ ብለን አይደለም። የመልክዓ ምድር ሥዕል በብዙ አገር ባላባቱ የገዛ ርስቱን ቆሞ የሚያደንቅበት መስተዋት ሆኖ ኖሯል። ሌቪታን መሬትን የተመለከተው ርስትም ጣሪያም በሌለው ሰው ዓይን ነበር፤ ልዩነቱም በሸራው ላይ ጎልቶ ይታያል።

መምህሩ አሌክሴይ ሳቭራሶቭ ነበር። ይህ ሰው በ1871 የሣለው «ቁራዎቹ ተመለሱ» የተባለው ሥዕል ጭቃ የነካው በረዶ፣ የተጣመሙ ዛፎችና አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚታዩበት ሲሆን፣ ለሩሲያ ሠዓልያን የጣሊያንን ፀሐይ ትተው የደጃቸውን ጭቃ እንዲያዩ በር ከፍቷል። ሳቭራሶቭ በ1882 ከማስተማር ሥራው ተሰናብቶ፣ መጠጥና ድህነት ተባብረውበት በ1897 ሲሞት በጋዜጣ ላይ ስለ እርሱ ተገቢውን የክብር ቃል የጻፈው ደቀ መዝሙሩ ሌቪታን ነው።

በ1879 የጸደይ ወራት አሌክሳንደር ሶሎቭዮቭ የተባለ አብዮተኛ በዛር አሌክሳንደር 2ኛ ላይ ተኩሶ ሳተ። ተኳሹ አይሁዳዊ አልነበረም። የዛሩ ባለሥልጣኖች ግን ቁጣቸውን ለማብረድ አይሁዶችን ከሞስኮ አባረሩ፤ የ18 ዓመቱ ሌቪታንም ከእኅቱና ከወንድሙ ጋር ከከተማው ውጪ ሳልቲኮቭካ በምትባል መንደር ተጠጋ። የገዢ መደብ ሲደነግጥ በቅርብ ያገኘውን ደካማ መምታቱ የታወቀ ጠባዩ ነው። በዚያው ዓመት ወጣቱ ሠዓሊ «የመፀው ቀን፣ ሶኮልኒኪ» የተሰኘውን ሥዕል ሠራ። ረጅም የመናፈሻ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ጥድ፣ የረገፈ ቢጫ ቅጠል፣ በመካከሉ ጥቁር የለበሰች አንዲት ሴት ብቻዋን ስትራመድ ይታያል። ሴትዮዋን የጨመረለት ጓደኛው ኒኮላይ ቼኾቭ፣ የደራሲው የአንቶን ቼኾቭ ወንድም ነው። በእኛ አገር መፀው የአደይ አበባ ወራት ነው፤ በእነርሱ አገር ግን ቅጠሉ የሚረግፍበትና ለማገዶ መጨነቅ የሚጀመርበት ጊዜ ነው። ሞስኮ እንዳይኖር የተከለከለው ልጅ የሞስኮን መናፈሻ በመፀው ሣለ። ሥዕሉን በ1880 የገዛው ፓቬል ትሬትያኮቭ ነው፤ ስለ እርሱ ወረድ ብለን እንመለስበታለን።

በዚያ ዘመን የሩሲያ ሠዓልያን ለሁለት ተከፍለው ነበር። በ1863 በፒተርስቡርግ የንጉሠ ነገሥቱ የሥነ ጥበብ አካዳሚ 14 ተማሪዎች ከጥንት የሰሜን አውሮፓ አማልክት ተረት የተቀዳ ርእስ ተሰጥቷቸው «ይህንን አንሥልም» ብለው ወጡ። ከዚህ እንቢታ የተወለደው መንፈስ በ1870 የተዘዋዋሪ የሥዕል ትርዒቶች ማኅበርን አስገኘ። አባሎቹ ሥዕላቸውን በባቡርና በጋሪ እየጫኑ ከዋና ከተማው ውጪ ወደሚገኙ ከተሞች ይወስዱ ስለ ነበር «ተዘዋዋሪዎቹ» ተባሉ። ሌቪታን በትርዒቶቻቸው ላይ ለዓመታት ሲሳተፍ ቆይቶ በ1891 ሙሉ አባል ሆኗል። ይህንን ማኅበር አንባቢያችን እንዲያስበው የምንፈልገው በሥዕሎቹ ይዘት ብቻ ሳይሆን በአሠራሩም ነው። ሕዝቡ ወደ ቤተ መንግሥቱ አዳራሽ እስኪመጣ አልጠበቁም።

ከ1888 እስከ 1890 በነበሩት ሦስት በጋዎች ሌቪታን በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው ፕልዮስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተቀመጠ። «ከዝናም በኋላ» እና «ምሽት፣ ወርቃማው ፕልዮስ» የተባሉት የ1889 ሥዕሎች የዚያ ፍሬዎች ናቸው። በመጀመሪያው ላይ ሰማዩ ገና እርጥብ ነው፤ ጀልባዎችና የጭነት መርከቦች ወንዙ ዳር ቆመዋል፤ የቤቶቹ ጣሪያ ብርሃን ይዟል። ከዚህ 20 ዓመት ቀደም ብሎ ኢልያ ሬፒን በዚሁ ወንዝ ላይ መርከብ በገመድ የሚጎትቱ ጎስቋላ ሰዎችን መሣል ጀምሮ በ1873 ፈጽሞት ነበር። አንዳንዶች ሬፒንን አንሥተው ሌቪታንን ይጥላሉ። እኛ ሁለቱን እናስማማለን። ሬፒን ደረታቸውን ለገመድ የሰጡትን ሰዎች አሳየ፤ ሌቪታን እነዚያ ሰዎች ቀና ብለው ለማየት ጊዜ ያልነበራቸውን ሰማይ አሳየ። ወንዙ የእነርሱም ነበርና።

የሠዓሊው ትልቁ ሥራ የምንለው በ1892 የተሣለው «ቭላዲሚርካ» ነው። በዚያ ዓመት በጋ በቭላዲሚር አውራጃ ተቀምጦ ሳለ አንድ ቀን ከአደን ሲመለስ ከአንድ ሰፊ አሮጌ መንገድ ላይ ይደርሳል። ቦታው ጸጥ ያለና የሚያምር ነበር። ቀስ ብሎ ግን የመንገዱ ስም ትዝ ይለዋል፤ ከሞስኮ ተነሥቶ በቭላዲሚር አድርጎ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው፣ ወደ ሳይቤርያ የተፈረደባቸው ሰዎች በእግር ብረት ታስረው ለብዙ ትውልድ የተጓዙበት መንገድ ነው። በ1860ዎቹ መጀመሪያ የባቡር ሐዲድ ከተዘረጋ በኋላ እስረኞቹ በባቡር ይጫኑ ስለ ጀመር ሌቪታን ሲደርስ መንገዱ ጭር ብሏል። በማግስቱ ሸራውን ይዞ ተመለሰ።

በሥዕሉ ላይ ምን አለ? 79 በ123 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሸራ ላይ ዳመና የተጫነው ሰማይ፣ ሣርና ሜዳ፣ እስከ አድማስ የሚዘልቅ የአፈር መንገድ አለ። ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ በእግር ብዛት የተፋቁ ቀጫጭን ዱካዎች አብረውት ይሄዳሉ። በስተቀኝ ለመንገደኛ ጸሎት የተተከለ ትንሽ የእንጨት ምልክት ቆሟል፤ አጠገቡ ስልቻ ያዘለች አንዲት ተሳላሚ ሴት ትታያለች። በሩቅ አንዲት ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለች። ሌላ ምንም የለም። ሰንሰለት፣ ወታደር፣ ደምም አልተሣለም።

ሰምና ወርቅን ከአባቱ የወረሰ ሕዝብ ይህንን ሥዕል ለመረዳት የውጭ ሊቅ ማብራሪያ አያሻውም። ሰሙ መንገድ ነው፤ ወርቁ የተጓዘበት ሰው ነው። እነዚያን ዱካዎች ማን ፋቃቸው ብሎ የጠየቀ ተመልካች የሥዕሉን ወርቅ አግኝቶታል። ሌቪታን አንድ እስረኛ ቢሥል ኖሮ የምናዝነው ለአንድ እስረኛ ነበር። መንገዱን ብቻ በመሣሉ ግን ስማቸው ያልተመዘገበ እልፍ አእላፍ ሰዎች በባዶው አፈር ላይ ያልፋሉ። የዛሩ ሳንሱርም ሊያግደው የሚችል ነገር አላገኘበትም፤ ሣርን ማገድ አይቻልም። ወዳጁ አንቶን ቼኾቭ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1890፣ የእስረኞቹን ኑሮ በዓይኑ ለማየት እስከ ሳኻሊን ደሴት ተጉዞ እንደ ነበር ብናስታውስ ሁለቱ ሰዎች ከሁለት አቅጣጫ ወደ አንድ ጉዳይ እንደ ደረሱ እንረዳለን።

ሌቪታን የሚሥለው መሬት የማን ነበር የሚለውም ጥያቄ ሊታለፍ አይገባም። የሩሲያ ገበሬ በ1861 ከባላባት ባርነት ነጻ ወጣ ተብሎ ታወጀ። ሲያርሰው ለኖረው መሬት ግን ዋጋ ክፈል ተባለ፤ ዕዳው እስከ 1907 ድረስ አልተሰረዘም። ሌቪታን ከዐዋጁ አንድ ዓመት ቀድሞ ተወልዶ ዕዳው ሳይሰረዝ ሞተ። እንግዲህ እነዚያ የተጎሳቆሉ ጎጆዎችና የሣሱ ማሳዎች በሸራው ላይ ዝም ብለው የተቀመጡ ጌጦች አይደሉም። ጭሰኛ የሚለውን ቃል የሚያውቅ አንባቢያችን ከዚህ በላይ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ትሬትያኮቭ እንመለስ። ይህ የሞስኮ ነጋዴ የአገሩን ሠዓልያን ሥራዎች ለአርባ ዓመታት ያህል ሲሰበስብ ኖሮ በነሐሴ 1892 ቤተ ሥዕሉን ለሞስኮ ከተማ በስጦታ ለማስረከብ ጠየቀ፤ የከተማው ምክር ቤትም በመስከረም ተቀበለ። የሌቪታን ሥዕሎችም በዚያ ስብስብ ውስጥ ነበሩ። በዚያው በልግ አይሁዶች ከሞስኮ እንዲወጡ በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት ሌቪታን ለሁለተኛ ጊዜ ከከተማው ተባረረ። ከተማዋ ሥዕሉን በክብር ተቀብላ ሠዓሊውን በፖሊስ አስወጣች። ወዳጆቹ ደጅ ጠንተው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ አስመለሱት። እርሱ ግን በ1894 ያንኑ «ቭላዲሚርካ»ን ለቤተ ሥዕሉ ያለ ዋጋ በስጦታ ሰጠ። ለተባረረባት ከተማ የተባረሩ ሰዎችን መንገድ መስጠት ነገሩ የገባው ሰው ሥራ ነው።

ትሬትያኮቭን አለማመስገን ንፉግነት ይሆናል። ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ አለመጠየቅም እንዲሁ አይገባም። እርሱና ወንድሙ ከሌሎች ባለ አክሲዮኖች ጋር በኮስትሮማ ከተማ ትልቅ የተልባ እግር መፍተያና መሸመኛ ፋብሪካ ነበራቸው። ኮስትሮማ የምትገኘው በቮልጋ ዳር ነው፤ ሌቪታን በጋውን ያሳለፈባት ፕልዮስም ከእርሷ ቁልቁል በዚያው ወንዝ ዳር ናት። ስለዚህ የእነዚያ ሥዕሎች ዋጋ በከፊል የተከፈለው በማሽን ፊት ቆመው በዋሉ ፈታዮችና ሸማኔዎች ላብ ነበር ብንል ሐሰት አይሆንብንም። በሰኔ 1918 ቤተ ሥዕሉ በዐዋጅ የመንግሥት ንብረት ሲሆን ብዙዎች ስለ ቅሚያ ተናገሩ። በእኛ አስተያየት ግን በዚያ ቀን የፈታዮቹ ልጆች ወላጆቻቸው በከፈሉበት ሥዕል ፊት በባለቤትነት ቆመዋል።

በሌቪታን ላይ የሚሰነዘር ሌላ ነቀፌታ አለ፤ ይኸውም ሥራው በሐዘን የተሞላ ነው የሚል ነው። የ1894ቱ «ከዘላለም ዕረፍት በላይ» በእርግጥ ከባድ ሥዕል ነው፤ በሰፊ ሐይቅ ዳርቻ በጉብታ ላይ የቆመች አሮጌ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን፣ ነፋስ ያዘነበላቸው ዛፎች፣ ጥቂት የመቃብር መስቀሎች፣ በላያቸው የሚነጉድ ደመና። የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ፊት አነሰ፣ ትግል ምን ያደርጋል የሚል ስሜት ሊያሳድር ይችላል፤ ይህንን አንክድም። ነገር ግን በማግስቱ ዓመት፣ በ1895፣ ያው ሰው «መጋቢት»ን ሣለ። በረዶ አይተን ለማናውቀው ለእኛ እንኳ ብርሃኑ ይሰማናል። በረዶው ሰማያዊ ጥላ ጥሏል፤ የቤቱ በር ተከፍቷል፤ በደጁ ላይ ሸርተቴ የተጠመደበት ፈረስ በፀሐይ እየሞቀ ጌታውን ይጠብቃል። አንድ ሰው ለጉዳይ ገባ ብሎ ሊወጣ ነው። በዚያው ዓመት የተሣሉት «ወርቃማው መፀው» እና ጀልባዎች ነፋሱን ሰንጥቀው የሚጓዙበት «ብርቱ ነፋስ፣ ቮልጋ» የተስፋ ሥራዎች ናቸው። ሐዘኑን ብቻ ነጥሎ የሚጠቅስ ተቺ ግማሹን ሰው ደብቋል።

በዚህ አንጻር በከተማችን በቸርችል ጎዳና ግራና ቀኝ በሚገኙ የስጦታ ዕቃ መሸጫዎች የሚቸረቸሩትን የመልክዓ ምድር ሥዕሎች እንመልከት። አንድ ሣር ክዳን ቤት፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ የምትጠልቅ ፀሐይ፤ በሚቀጥለው ሱቅም ያው ቤት፣ ያችው ሴት፣ ያችው ፀሐይ። ሠዓሊዎቹን አንወቅስም፤ ለዕለት ጉርስ የሚሠራ ሰው ገዢው የፈለገውን ይሥላል። የምንቃወመው እንስራው ስንት ሊትር እንደሚመዝንና ምንጩ ምን ያህል እንደሚርቅ የማይጠይቀውን የጎብኚ ዓይን የአገራችን ዓይን አድርጎ መቀበልን ነው። በዓለ ፈለገ ሰላም አማካይነት በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያፈራቸው ሠዓልያን ከዚህ የላቀ መንገድ አሳይተዋል። እሸቱ ጥሩነህን የመሳሰሉት ደግሞ በሌቪታን ከተማ በሞስኮ በሱሪኮቭ ኢንስቲትዩት ተምረው ተመልሰዋል።

አንድ የታሪክ ነገር ሳንገልጽ ማለፍ አይገባንም። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ፣ በ1919፣ የቭላዲሚር መንገድ በሞስኮ ውስጥ ያለው ክፍል በእግር ብረት ለተጓዙት አብዮተኞች መታሰቢያ «የቀናዒዎች ጎዳና» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጠው፤ ዛሬም ድረስ በዚሁ ስም ይጠራል። ስሙን የቀየረው መንግሥት ራሱ በ1930ዎቹ ብዙ ሰዎችን፣ የገዛ ጓዶቹን ጨምሮ፣ ወደዚያው ወደ ምሥራቅ ላከ። ሥዕሉ ግን በዚያን ጊዜም በሞስኮ ቤተ ሥዕል ግድግዳ ላይ ነበር። የመንገዱ ስም ቢለወጥም በሥዕሉ ላይ ያሉት ዱካዎች አልተለወጡም፤ ያየ ሁሉ አይቷቸዋል።

ሌቪታን ትምህርቱን ሲፈጽም የተሰጠው «ደረጃ የሌለው ሠዓሊ» የሚል ዝቅተኛ ማዕርግ ነበር። በ1898 አካዳሚው አባልነት ሰጠው፤ በዚያው ዓመትም ተደብቆ ያድርበት በነበረው ትምህርት ቤት ውስጥ የመልክዓ ምድር ሥዕል መምህር ሆነ። ልቡ በጽኑ ታሞ ስለ ነበር በዱላ ተደግፎ ይሄድ ነበር። በክረምት ተማሪዎቹን ወደ ጫካ መውሰድ የማይቻል ሲሆን ትናንሽ የጥድ ችግኞችን፣ ቅጠላ ቅጠልና ሣርን በማሰሮ እያስተከለ ወደ ክፍሉ አስገብቶ በአራት ግድግዳ መካከል ደን አቆመላቸው። በነሐሴ 1900፣ አርባ ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ «ሐይቅ» የተባለውን ትልቅ ሥዕል ሳይፈጽም ሞተ። ዐፅሙ በ1941 ወደ ኖቮዴቪቺ መካነ መቃብር ተዛውሮ ከቼኾቭ አጠገብ ዐርፏል።

የማሰሮውን ደን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የከተማችን ሰፈሮች መልካቸው በየዓመቱ በሚለወጥበት በአሁኑ ጊዜ፣ የነዋሪዎች ማኅበራት አዳራሾች በአብዛኛው እሑድ ጠዋት ተዘግተው ይውላሉ። ወረቀትና እርሳስ የማኅበሩን መዋጮ የሚያናጋ ወጪ አይደለም። ልጆቹ በመስኮት የሚታያቸውን ይሣሉ፤ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮውን፣ የግንባታውን እንጨት፣ ከፋብሪካ በር ወደ ታክሲው ፌርማታ የሚወስደውን በሠራተኛ እግር የተፋቀ አቋራጭ። የአቃቂን ወንዝ የሚሥል ልጅ ውሃው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው አይቶ ይሣል እንጂ ሰማያዊ አድርግ ብሎ የሚያርመው አስተማሪ አይኑር። ሥዕሎቹም ከአዳራሹ ወደ ቀጣዩ ሰፈር አዳራሽ፣ ከዚያም ወደ ፋብሪካው የምሳ ክፍል ይዘዋወሩ። ማኅበራቱ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባቸው ላይ ይህንን ሐሳብ ከጽዳትና ከጥበቃ ጉዳይ ቀጥሎ በአጀንዳ እንዲይዙልን እንጠይቃለን።